ልኩ የጠፋው መድኃኒት፦ ከኮሶ እስከ ከርከዴ

መርካቶ ቅመም ወደሚሸጥበት መደዳ ጎራ ያለ ሰው ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ አጠገብ ሌላም ሸቀጥ ያያል። በክር የታሰረ ቀጫጭን የድንገተኛ ሥር፣ የተፈለጠ ቀበርቾ፣ ቀላ ያለ መቅመቆ፣ በላስቲክ የተቋጠረ የሽፈራው ዱቄት። ሻጯ የያንዳንዱን ጥቅም ሳታመነታ ትዘረዝራለች፦ ድንገተኛው ለሆድ ቁርጠት፣ ቀበርቾው ለጉንፋንና ለራስ ምታት፣ መቅመቆው ለደም ግፊት፣ ሽፈራው ለስኳር። «ስንት ነው?» ላላት ዋጋውን ትጠራለች። «ስንት ልውሰድ?» ላላት ግን መልሱ «ቆንጠር አርገህ»፣ «በሻይ ማንኪያ»፣ «እስኪሻልህ ድረስ» ዓይነት ነው።

በባህላዊ መድኃኒት ላይ የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «ይሠራል»ና «አይሠራም» በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል ይቀራል። የዕፅዋቱን ታሪክና የተደረጉባቸውን ጥናቶች ጎን ለጎን ላየ ሰው ግን ትልቁ ክፍተት ሌላ ቦታ ነው። ብዙዎቹ ዕፅዋት ሰውነት ውስጥ አንድ ነገር ይሠራሉ። የጎደለው ልካቸው ነው፤ ምን ያህል፣ ለስንት ቀን፣ ለማን፣ ከምን ጋር የሚለው።

የተጠቃሚው ብዛት ሲነሳ «80 በመቶ» የሚለው ቁጥር በየጉባኤውና በየጥናቱ መግቢያ ይነበባል። ከዓለም ጤና ድርጅት ስም ጋር ተያይዞ ለአሥርት ዓመታት ሲደጋገም የኖረ ጥቅል ግምት ነው እንጂ ቤት ለቤት ተቆጥሮ የተገኘ አሐዝ አይደለም። ቁጥሩ ከፍም ይበል ዝቅ፣ ጉንፋን ሲይዝ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ሆድ ሲነፋ ጤና አዳም፣ ምች ሲመታ ዳማከሴ የማይታሰብበት ቤት በኢትዮጵያ ማግኘት ይከብዳል። ሐኪም ቤት የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው።

ትሉንም ሰውየውንም

ስለ ልክ የሚያስተምር የቆየ ምሳሌ ከተፈለገ ኮሶ አለ። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል የድሃም የጌታም በሽታ ነበር። የዛፉ ሴቴ አበባ ደርቆ ይወቀጥና በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሪቱን ያዩ አውሮፓውያን፣ ሕዝቡ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ እንደሚጠጣ፣ የጠጣም ሰው ያን ዕለት ከቤት እንደማይወጣ ጽፈዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮሶ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር፤ በብሪታንያ ይፋዊ የመድኃኒት መጽሐፍም ተመዘገበ። አገር ቤት ግን ኮሶ መሸጥ የድሃ ሥራ ነበርና የዐፄ ቴዎድሮስ ባላንጣዎች ንጉሡን ለማዋረድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው ነበር።

ኮሶ ፍቱን ነው። አስቸጋሪው ነገር ትሉን የሚያስወጣው መጠንና ሰውየውን የሚጎዳው መጠን ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። ማቅለሽለሹና ብርቱው ተቅማጥ የታወቀ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ የዓይን ነርቭን ጎድቶ ያሳወራቸው፣ ከናካቴውም የገደላቸው ሰዎች በሕክምና መዛግብት ተጽፈዋል። ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል። አበባው ሲያረጅ ኃይሉ ስለሚደክም፣ አምና ያልበቃው አንድ እፍኝ ዘንድሮ በቅርቡ ከተለቀመ አበባ ሲዘገን ከመጠን ያልፋል። እንቆቆና መተሬም ለዚሁ ትል የሚወሰዱ ናቸው፤ የእነሱም ነገር ያው ነው።

ዛሬ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በአንድ ጊዜ ተውጦ ትሉን ይጨርሰዋል። ኪኒኖቹ ከኮሶ የላቁት በትል ገዳይነታቸው ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው መጠን ዛሬም ነገም እኩል ነው፤ የሚሰጠውም በሕመምተኛው ዕድሜና ክብደት ነው።

ጓዳ ውስጥ ያለው ማስረጃ

ከምግብ የማይለዩት ዕፅዋት ሁኔታ ከኮሶ ይለያል። ሰው ለዘመናት ስለበላቸው የሚያስፈሩት ጥቂት ነው፤ አንዳንዶቹም በሰው ላይ በሥርዓት ተፈትነዋል።

ተልባ ለጨጓራና ለሆድ ድርቀት ተበጥብጦ ይጠጣል፤ በጾም ወቅት ወጥም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከካናዳ የወጣ ጥናት የእግር ደም ሥር የጠበበባቸውን 110 ሕሙማን ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ በዳቦና በመሰል ምግቦች ተጋግሮ ተሰጠው፤ ሌላው ወገን ተልባ የሌለበትን ምግብ በላ። ከስድስት ወር በኋላ ተልባ የበሉት ሰዎች የላይኛው የግፊት ቁጥር ካልበሉት በ10 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። 30 ግራም ማለት አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው፤ በየቀኑ፣ ያለ ማቋረጥ። ጨጓራ ሲነካካ ብቻ አንድ ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው ከዚህ ውጤት የሚደርሰው የለም።

ከርከዴም ተፈትኗል። በቦስተን የሚገኘው የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ ወይም በመጠኑ ከፍ ያለ 65 ሰዎች ተሳትፈዋል። በቀን ሦስት ኩባያ ከርከዴ ለስድስት ሳምንት የጠጡት የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ7.2 ነጥብ ሲቀንስ፣ ተመሳሳይ መልክና ጣዕም ያለው ሌላ መጠጥ የጠጡት የቀነሰላቸው 1.3 ብቻ ነው። ይህ ግፊት ገና ለጀመረው ሰው ትርጉም ያለው ቅናሽ ነው። ግፊቱ 180 ለደረሰ ሰው ግን ከርከዴ ብቻውን የትም አያደርሰውም።

ዝንጅብል በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ በቀን አንድ ግራም ገደማ ሲወሰድ እንደሚረዳ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ማርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ 105 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ከመኝታ በፊት የተሰጠ ማር የሌሊት ሳልን ከምንም አለመስጠት በተሻለ እንዳስታገሠ አሳይቷል። ለሳል ከነጭ ሽንኩርት ጋር ማር የምታቀምስ እናት ልማዷ መሠረት አለው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ክልክል ነው፤ በማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር በጨቅላ አንጀት ውስጥ በቅሎ ሽባ የሚያደርግ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። አራስ ልጅን ማር ማላስ በአንዳንድ አካባቢ አሁንም አልቀረምና የጤና ባለሙያዎች ይህን ደጋግመው ይናገራሉ።

የጓዳው ሁሉ የዋህ ነው ማለትም አይቻልም። ጤና አዳም በቡና ስኒ ውስጥ አንድ ቅንጣቢ ሲደረግ መዓዛ ነው። ጭማቂው በብዛት ሲጠጣ ማሕፀንን ስለሚያኮማትር ነፍሰ ጡር ልትርቀው ይገባል። ቆዳ ላይ ታሽቶ ፀሐይ ሲያገኘውም ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ያስከትላል።

ኪኒኑን ጥሎ ቅጠሉን

ኮሶ የአንድ ቀን ሕክምና ነበር። የዛሬዎቹ የከተማ ሕመሞች፣ ደም ግፊትና ስኳር፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቁ ናቸው። የባህል መድኃኒት ገበያም ፊቱን ወደ እነሱ አዙሯል፤ መቅመቆው፣ ጦስኙ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ አብሹ፣ ሽፈራው ሁሉ የሚሸጠው ለእነዚሁ ነው።

ሽፈራው ጥሩ ማሳያ ይሆናል። በኮንሶ በድንጋይ እርከን በተሠራው ማሳ መካከል የበቀለው ዛፍ የየቀኑ ጎመን ነው፤ ቅጠሉ ተቀቅሎ ከማሽላና ከበቆሎ ሊጥ ከሚሠራው ኩርኩፋ ጋር ይበላል። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በካፕሱልና በሻይ ከረጢት ታሽጎ መድኃኒት ይሆናል። በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ስኳርን ዝቅ ማድረጉ ታይቷል፤ በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን ትናንሾችና ጥቂቶች ናቸው። ኮንሶ ውስጥ በሳህን የሚበላው ምግብ ከተማ ውስጥ በማንኪያ የሚወሰድ ዱቄት ሲሆን መጠኑም አወሳሰዱም ተለውጧል፤ የሚነገርለት ዝና ግን አልተለወጠም።

አብሽና ጥቁር አዝሙድ በበርካታ የሰው ጥናቶች የደም ስኳርን በመጠኑ ሲቀንሱ ታይተዋል። አደጋው የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሕመምተኛው የስኳር ኪኒኑን ወይም ኢንሱሊኑን ሳያቆም ለሐኪሙም ሳይነግር ሲደርብበት ነው፤ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ላብ በላብ ሆኖ ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛው ይብሳል። «ተሻለኝ» ብሎ ኪኒኑን እርግፍ ያደርጋል። ግፊት ሕመም የለውም፤ 170 ላይ ያለ ሰው ራሱን ሳያመው ውሎ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ በቅጠሉ መዳን አለመዳኑን የሚነግረው ስሜቱ ሳይሆን መለኪያው ነው። መለኪያውን ያልጠየቀ ሰው ውጤቱን የሚያውቀው በስትሮክ ወይም በኩላሊት ድክመት ሊሆን ይችላል።

በራሱ የሚድነውና የማይድነው

ስለ ዳማከሴ ያለው እምነት እንዲሁ የመጣ አይደለም። ምች የመታው ሰው ራሱን ይወቅረዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ከንፈሩ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው ገላ ይቀባል፣ በቡናም ይጠጣል። በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ የቅጠሉ ጭማቂ ትኩሳትን እንደሚያወርድ ታይቷል። ሆኖም የምች መልክ ይዘው ከሚመጡት አብዛኞቹ ትኩሳቶች በቫይረስ የሚመጡ፣ በጥቂት ቀን ውስጥም በራሳቸው የሚለቁ ናቸው። ወባ ባለበት ቆላ ግን ትኩሳት ሁሉ ምች አይደለም። በዳማከሴ ሦስት ቀን የቆየ ሕፃን በእነዚያው ሦስት ቀናት ውስጥ ወባው ወደ አንጎሉ ሊወጣበት ይችላል። ጤና ኬላ ውስጥ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በጣት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ወባ መሆን አለመሆኑን ትለያለች።

የወፍ በሽታ የሚባለውም ቢጫነት እንዲህ ነው። ብዙ ቦታ ስሚዛ ወይም ሰንሰል የሚባለው ቁጥቋጦ ቅጠል ይጠጣለታል። ሄፓታይተስ ኤ የያዘው ሰው ጠጣም አልጠጣ በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሄዳል። ሄፓታይተስ ቢ የያዘው ሰው ቢጫነቱ ቢለቀውም ቫይረሱ በጉበቱ ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። «ያ ዳነ፣ እኔም እድናለሁ» የሚለው ግምት የሚሰናከለው ሁለት የተለያዩ በሽታዎች በአንድ መጠሪያ ሲታከሙ ነው።

ጉበት ከዕፅ የሚመጣ መርዝን በዝምታ የሚሸከም ክፍል መሆኑን ከትግራይ የተገኘ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ፀዓዳ እምባ በምትባል መንደር ሰዎች ሆዳቸው ውሃ እየቋጠረ ይሞቱ ጀመር። መንስኤው ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ በመጨረሻ ከእህል ጋር ተደባልቆ የሚወቃ አረም ውስጥ ያለ መርዝ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ የወሰዱት መድኃኒት አልነበረም፤ የበሉት እንጀራቸውን ነበር። ያው መርዝ ታዲያ በሌሎች አገሮች ለሕክምና በሚጠጡ ዕፅዋትም ውስጥ ይገኛል።

ከብራና ወደ ቤተ ሙከራ

በዕፅዋት ጥበብ የተጻፈ ነገር ኢትዮጵያ አላጣችም። በደብተራዎች እጅ የቆዩት የመጽሐፈ መድኃኒት ብራናዎች ለየበሽታው የትኛው ሥር ከማር ወይም ከቅቤ ጋር እንደሚቀመም ይዘረዝራሉ፤ ጸሎትና ጠልሰምም ከጎኑ ይሰፍራል። ፖላንዳዊው ምሁር ስቴፋን ስትሬልሲን ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከእነዚህ ብዙዎቹን አጥንቶ አሳትሟል። በዘመናችን ፋርማሲስቱ ፈቃዱ ፉላስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ የተለመዱትን መድኃኒትነት ያላቸው ዕፅዋት ከሳይንስ ጥናቶች ጋር አገናዝበዋል፤ ኬሚስቱ ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኘም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዕፅዋቱ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ሲለዩ ኖረዋል። ብራናው ያልደረሰበት ዕውቀት ግን ይበዛል። አዋቂው ለመረጠው ልጁ በቃል ያወርሰዋል፤ ቅመማው ምስጢር ነው፣ ምስጢሩ ከወጣ ኃይሉ ይጠፋል ተብሎም ይታመናል። ልጁ ከተማ ከገባ ከዕፁ ስም ይልቅ ቀድሞ የሚጠፋው መጠኑ ነው።

የተጻፈ ቃል ምን ያህል እንደሚጠቅም ቻይና አሳይታለች። ቱ ዩዩ የተባለችው ተመራማሪ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ስታነብ ለወባ የሚሰጠው ቅጠል እንዲፈላ ሳይሆን በውሃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ መታዘዙን አስተዋለች። ሙቀት መድኃኒቱን ያጠፋው ይሆናል ብላ እ.ኤ.አ. በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት ስታወጣው የዛሬው አርቴሚሲኒን ተገኘ፤ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ የምትሰጠው ኮአርተም የዚሁ ልጅ ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ቅጠሉን በሻይ መልክ መጠጣት ይበቃል ይላሉ። አይበቃም። 9 ግራም የደረቀ ቅጠል በአንድ ሊትር ውሃ ተዘፍዝፎ ሲለካ የተገኘው 94.5 ሚሊ ግራም አርቴሚሲኒን ነው፤ ይህ ከሚፈለገው ዕለታዊ መጠን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ያነሰ መጠን ደግሞ ተውሳኩን ሳይገድል ያለማምደዋል። አርቴሚሲኒንን በከፊል የለመደ ተውሳክ በኢትዮጵያም መታየት በጀመረበት ሰዓት የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለወባ ሕክምና አለመምከሩ ለዚህ ነው።

የአገር ቤቱ ታላቅ ምሳሌ እንዶድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ትል አስተላላፊ ነበሩ። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ተክሉን ከየቦታው ሰብስበው ኃይለኛውን ዝርያ ለዩ፣ ልኩንም አወጡ። ነገር ግን የደኅንነት ምርመራው በዓለም አቀፍ ደረጃ እውቅና ባለው ቤተ ሙከራ ካልተደገመ ተብሎ ረጅም ዓመታት ባከኑ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አክሊሉ የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ለቀንድ አውጣ የተለካው እንዶድ ለሰው ግን መርዝ ነው። ጽንስ ለማስወረድ ጠጥተውት ሕይወታቸውን ያጡ ሴቶች አሉ።

ታፔላውና አዋጁ

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ ጠቃሚ የሆነው ባህላዊ ሕክምና ተለይቶ እንዲበረታታ ይላል። አዋጅ ቁጥር 661/2002 ለመድኃኒት በሰጠው ትርጓሜ ውስጥ የባህል መድኃኒትን አካቷል፤ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥሩን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። መንገድ ዳር ያለው ሌላ ነው። ኪንታሮት፣ አስም፣ ስኳር፣ ስንፈተ ወሲብና የሚጥል በሽታ በአንድ ታፔላ ላይ ተደርድረው «ፍቱን መድኃኒት አለን» ይባላል። ጠርሙሱ ላይ ግን የዕፁ ስምም፣ መጠኑም፣ የተዘጋጀበት ቀንም አይጻፍም።

ኮሮና በገባ ሰሞን ይህ ክፍተት በአገር ደረጃ ታየ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መንግሥት በአገር በቀል ዕውቀት የተመሠረተ ተስፋ ሰጪ መድኃኒት መገኘቱን ሲያስታውቅ ደስታው ትልቅ ነበር። ገበያ ላይም ሰው ፌጦ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይሻማ ነበር። ዕፅን በሰው ላይ ፈትኖ ለሕዝብ ማድረስ ግን የወራት ሳይሆን የዓመታት ሥራ ነው፤ ወረርሽኙም አልጠበቀም።

ሌላው ችግር ተክሉ ራሱ እያለቀ መሆኑ ነው። ቀበርቾና ድንገተኛ የሚፈለጉት ለሥራቸው ነው፤ ሥሩ ሲነቀል ተክሉ አለቀ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅሉ ናቸው። መልሶ የሚተክላቸው ሲጠፋ ዋጋቸው ይወደዳል፤ ሌላ ሥር በስማቸው መሸጡም ይከተላል።

የዕፅዋቱ ልክ ተጠንቶ እስኪታወቅ ድረስ ያሉት ጥንቃቄዎች የሚታወቁ ናቸው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕፃን፣ የጉበትና የኩላሊት ሕመምተኛ ከምግብ መጠን ያለፈ ዕፅ ከመውሰዳቸው በፊት ባለሙያ መጠየቅ አለባቸው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚውጥ ሰው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በብዛት ቢያዘወትር ለደም መፍሰስ ይጋለጣል፤ ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለትም ቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። የግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ኪኒኑን ሳያቆም የሚጠጣውን በስሙ ይንገር፣ ቁጥሩንም እየተለካ ይከታተል። የባህል መድኃኒት ወስዶ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ማየት የተሳነው ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ፤ የተረፈውን ቅጠል ወይም ዱቄትም ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ምን እንደተወሰደ ካላወቀ የሚያክመው በግምት ነውና።